ምርቃት ሲጀመር መሬት የሚቀርጹት ሊቀ ካሜራ

«ቀሐ ወንዝ ማዶ ነጠላሽ ሲታይ፣
እምምም... እምምም... ደመና ነው ወይ...»

አያ ህሩይ ሌንስ ሲወለውሉ የሚያንጎራጉሩት ይችን ነው። የሁለተኛዋ መስመር ግማሽ ጠፍቶባቸዋል። የጠፋው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አያፍሩም፤ በአፍንጫቸው ሞልተውት ያልፋሉ፣ ደመናዋ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥተው «ሸጋ» ይላሉ። ሌንሱን ይሁን ባለነጠላዋን የሚያውቅ የለም።

ጎንደር ውስጥ ካሜራ አንሥቶ ብቻውን የቀረ ሰው የለም። አንድ ሰው ዓይኑን ወደ ሌንስ ሲያስጠጋ፣ ከመሬት ይብቀል ከሰማይ ይውረድ ሳይታወቅ፣ ከትከሻው ኋላ ሌላ ሰው ቆሞ ይገኛል። ያልተጠራ፣ ያልተቀጠረ፣ ግን ሳይመክር ቢያልፍ ምሳው የማይወርድለት ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በየከተማው አለ፤ በየሠርጉና በየክርስትናው አለ። የኛው ግን ከሁሉም ስለላቁ ከተማው ራሱ ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ሊቀ ካሜራ ህሩይ ይባላሉ።

ሊቀ ካሜራ ምክር የሚጀምሩት ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ።» የተቀየመም ያልተቀየመም ምክሩን ሳይሰማ አይሄድም።

ባለፈው ጥምቀት ቀሐ ላይ ከጥምቀተ ባሕሩ መዋኛ ጠርዝ አንድ ፈረንጅ ክንድ የሚያህል ሌንስ ደግኖ ቆሞ ነበር። ሊቀ ካሜራ ተጠግተው በጥርት ያለ አማርኛ፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ» አሉት። ፈረንጁ ፈገግ አለ። «ይህ ሁሉ ወጣት አሁን ሊዘል ነው። ውኃው እዚህ ድረስ ይመጣል። ካሜራህን ፌስታል አልብሰው።» ፈረንጁ አሁንም ፈገግ አለ። ምንም እንዳልገባው ሲያዩ ከኪሳቸው ፌስታል መዘዝ አድርገው የሰውየውን ካሜራ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለሉት፤ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ተዉለት። ካህናቱ ባርከው እንደጨረሱ ወጣቱ ተወረወረ፣ ውኃው ተነሣ፣ በዙሪያው ያለ ስልክና ካሜራ ሁሉ ተጠመቀ። ሳይጠመቅ የቀረ የፈረንጁ ብቻ ነበር።

ደባርቅ የሚወጣ ሰው ደግሞ የባትሪ ምክራቸውን ሳይዝ አይወጣም። ደጋው ላይ ብርዱ ባትሪ ይገድላል፤ ጧት ሞልተኸው የወጣኸው ተራራው ጫፍ ሳትደርስ ይጠፋል። «ባትሪ እንደ ጫጩት ነው፣ ሙቀት ይወዳል» ይላሉ፤ የራሳቸውን ባትሪዎች ብብታቸው ሥር አቅፈው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እንደ ዶሮ ቀስ ብለው ነው ዳገቱን የሚወጡት። «ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባም ካሜራውን ከቦርሳው ለማውጣት አትቸኩል። እንግዳ ነው፣ ይረፍ። አለዚያ መስታወቱ ያልብሃል።»

ማክሰኝት ገበያ ላይ ስልኩን ቀጥ አድርጎ አቁሞ በሬውን የሚቀርጽ ነጋዴ አይተው እግራቸው አላራምድ አላቸው። «በሬ ርዝመቱ ወደ ጎን ነው። አንተ ስልክህን አቁመህ ቀንዱን ከጅራቱ ለየኸው። አጋድመው እንጅ።»

«አያ፣ ልሸጠው ነው፣ ፊልም ላሠራው አይደለም» አለ ነጋዴው።

«ሊሸጥማ ከሆነ ጅራቱም ይታይ።»

ሠርግ ላይ ግን ምክራቸው ትእዛዝ ይሆናል። ሙሽራው ከመኪና ወርዶ ደጃፍ ይደርሳል፤ «ፀሐይዋ ከኋላህ ናት፣ ተመለስ» ይባላል። እንደገና ይወርዳል፤ «ሚዜው ቀድሞህ ገባ፣ ተመለስ።» አንድ ጊዜ አዘዞ ላይ አዝማሪው አላስችል ብሎት ማሲንቆውን ወደ እሳቸው አዙሮ እንዲህ አለ፦

«ሙሽራው ደከመው ሲወጣ ሲገባ፣
ካሜራው ነው እንዴ ሙሽሪት የሚያገባ።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሊቀ ካሜራ ግን ግጥሙን ወደዱትና አዝማሪውን፣ «ሸጋ ነው፤ ግን ፊትህ ጥላ ውስጥ ነበር፣ ወዲህ ወጣ በልና ድገመው» አሉት።

እኒህን ሰው ከማንም በላይ የምታውቃቸው ፈህሚያ ናት። አራዳ ላይ፣ ከአባቷ ከሐጅ ዐብዱረሕማን የጨርቅ መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሯን ዘርግታ ቪዲዮ ታቀናብራለች። የከተማው ሠርግ፣ የክርስቲያኑ ተክሊልም ይሁን የእስላሙ ኒካህ፣ ብዙው በእጇ ያልፋል። አያ ህሩይ ይቀርጻሉ፤ እሷ ትቆርጣለች፤ እሳቸው ከኋላዋ ቁመው ለምን እንደቆረጠች ይጠይቃሉ።

«እዚህ ላይ ሙሽሪት ከጽጌረዳ ውስጥ ትውጣ።»

«አያ ህሩይ፣ ሰው ከአበባ አይወጣም።»

«ምነው፣ ንብ ትወጣ የለም?»

«ሙሽሪት ንብ ናት?»

«እናቷን ጠይቂ። ስትናደፍ ነው ያደገች ትልሻለች።»

ምክራቸው ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት ግን አፏ አይሞላም። «የሠርግ ቪዲዮ አንድ ቤት ብቻ አያድርም» እያሉ አንዱን ቅጂ ከእሷ፣ ሌላውን ከእህታቸው ከአበቡ ቤት ያስቀምጣሉ። ኮምፒውተሯ አንድ ጧት አልነሣም ያለ ጊዜ፣ የስንት ሰው ትዳር ከአበቡ ቁም ሣጥን ወጥቶ ተረፈ። ድምፅን በተመለከተም፣ «ከበሮው ከመመታቱ በፊት ድምፁን ቀንሰሽ ጠብቂው። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነሽ፤ የተቀደደ ጨርቅ ይጣፋል፣ የተቀደደ ድምፅ ግን መርፌ የለውም» ያሏትን ዛሬም ትሠራበታለች። ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ውስጥ ሰው ሁሉ እንደ በረደው ሰማያዊ ሆኖ እንዳይወጣ፣ አዲስ ነጠላ የለበሰች ሴት ፊት ለፊት አቁሞ ካሜራውን «ነጭ ማለት ይኸ ነው» ብሎ ማስተማር እንደሚገባ የነገሯት እሳቸው ናቸው።

ሁለት ነገር ግን ከሊቀ ካሜራ ሊወጣ አልቻለም። አንደኛው ዘፈናቸው ነው። ካሜራው ለአፋቸው ቅርብ ስለሆነ፣ ቀለበት ሲደረግ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙ፣ ከሥር ከሥር ያች ነጠላ ቀሐን ትሻገራለች። ፈህሚያ የሥራ ጊዜዋን ግማሽ የምታጠፋው ነጠላዋን ከሰው ሠርግ ስታወጣ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። በኛ አገር ምርቃት በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ በሁለት መዳፍ ይቀበሉታል። ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ ዳሱ ይነሣል፣ እጅ ሁሉ ይዘረጋል፣ «አሜን» ይከተላል። ያኔ ሊቀ ካሜራ ካሜራቸውን በማሰሪያው አንገታቸው ላይ ለቀቅ ያደርጉና ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ካሜራው መቅረጹን አላቆመም፤ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ ነው እንጅ። እንግዲህ ከተማው ውስጥ ያለ የሠርግ ቪዲዮ ምርቃቱ ላይ ሲደርስ የሚያሳየው ጫማ ነው። ሰው የአባቱን ምርቃት የሚያስታውሰው በአጎቱ ጫማ ነው።

«ለምን ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አያቆሙትም?» ብላቸው ነበር ፈህሚያ አንድ ቀን።

«ዳሱ ከተነሣ ሦስት እግሩ የሚያየው ጀርባ ነው። ጀርባ ከጫማ በምን ይሻላል?»

«እሽ፣ ሙሽራውን እንደሚመልሱት ሽማግሌውንም ድገሙ ይበሏቸዋ።»

ደነገጡ። «ምርቃት ድገሙ ይባላል? አንዴ ከወጣ ወጣ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ፈህሚዬ፣ እኔ ልጅ የለኝ፣ መሬት የለኝ። ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ምርቃት ነው። የስንቱን ሽማግሌ ምርቃት ተቀብያለሁ መሰለሽ። እሱንም ለካሜራ ልስጠው?»

እሷም ከዚያ በኋላ አላነሣችውም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የሠርጉ ወራት መጣና፣ አብራት የተማረችው የኮላ ድባዋ ይመኙሽ ከፈህሚያ ክፍል ገባች። ልታገባ ነው። ከሠርጓ በኋላ ባሏ ወደሚሠራበት ወደ አርባ ምንጭ ትሄዳለች። አባቷ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከክረምት ወዲህ እየከዳቸው ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ» አለቻት። «የአባቴን ፊት። ሲመርቀኝ ፊቱን እፈልጋለሁ። ሐኪሞቹ ድምፁ ተመልሶ አይመጣም ብለውናል። እንዳማረኝ እንዳልመጣ አገሩ ሩቅ ነው። የእህቴን የወለተ ሚካኤልን ቪዲዮ አንቺ አይደለሽ ያቀናበርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምርቃቷ ላይ ምን አለ?»

ፈህሚያ አልረሳችውም። ክሩ የተፈታ ቡናማ ጫማ ነበር ያለው።

«ታዲያ ሌላ ቀራጭ ልፈልግልሽ?»

«አባቴ ከህሩይ ሌላ ሰው ዳሴ አይገባም ብሏል። ማኅሌት ሲቆም አክብሮ ወደ ኋላ የቆመ እሱ ብቻ ነው ይላል። እናም እንዴት እንደምታደርጊው አላውቅም፣ አንቺው ታውቂያለሽ።»

ይመኙሽ ስትሄድ ሊቀ ካሜራ ሌንሳቸውን ይዘው መጡ። ፈህሚያ ነገሩን ሳታሰማምር ነገረቻቸው። መወልወላቸውን ተዉ። ማንጎራጎራቸውንም ተዉ።

«ፊታቸውን?»

«ፊታቸውን። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው።»

ሌንሱን ከቦርሳቸው ከተቱና፣ «አንቺ ያዥውና እኔ ልመረቅ» አሉ።

«እሽ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«የአክስትሽን የሐዲጃን ልጅ ኒካህ ረሳሽው? እኔ እቀርጻለሁ ብለሽ፣ ዱዓው ሲጀመር እጅሽን ዘርግተሽ፣ ስልክሽ ከወንበር ሥር አልተገኘም?»

እውነታቸውን ነው። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ የተዘረጋ እጅ ሲያይ የእሷም እጅ ሳያስፈቅዳት ይዘረጋል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች።

«እግዜር ያውቃል» አሉና፣ ለማንም ምንም ሳይመክሩ አራዳን አቋርጠው ሄዱ። ያን ቀን ሰው ታመሙ ብሎ ጠይቋቸዋል።

የሠርጉ ዕለት ኮላ ድባ ላይ የደምቢያ ሜዳ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። የጤፍ ጭድ በየደጁ ተከምሯል። ዳሱ ሰማያዊ ሸራ ነበርና አንዲት ዘመድ ነጠላዋን ዘርግታ ካሜራው ነጭ እንዲማርባት ተደረገ። መሪጌታ ካባቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከዳሱ ራስጌ ተቀምጠዋል። ሊቀ ካሜራ ጎንበስ ብለው አውራ ጣት የምታህል ማይክራፎን አሳዩአቸው።

«የኔታ፣ ይችን ከደረትዎ ላድርጋት። ካሜራው ከሩቅ አይሰማዎትም። ይች እዚህ ሁና ትሰማዎታለች።»

«ትናከሳለች?» አሉ መሪጌታ፣ ከሹክሹክታ ብዙም በማይለይ ድምፅ።

«አትናከስም የኔታ። ካባው እንዳይፈትጋት ብቻ ጠርዙን እንዲህ አጠፍ አደርገዋለሁ። ድምፅ ከጨርቅ ኮሽታ የከፋ ጠላት የለውም።»

ፈህሚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከጎናቸው ቆመች። ለእስላም እንግዶች ለብቻ ከተሠራው ትሪ ቀምሳ መጥታለች። ሊቀ ካሜራ ግን ከጧት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። አሳላፊው ሲለምናቸው፣ «ወጥ የነካው እጅ ሌንስ ያበላሻል» እያሉ ይመልሱታል። እውነተኛው ምክንያት ያ እንዳልነበረ ፈህሚያ ታውቃለች። ዛሬ ለማንም «አትቀየመኝ» አላሉም። ሙሽራው ፀሐይ ከኋላው አድርጎ ገባ፣ «ተመለስ» አላሉትም።

ከምሳው በኋላ ይመኙሽና ባሏ መጥተው ከመሪጌታ እግር ሥር ተንበረከኩ። ዳሱ ተነሣ። እጅ ሁሉ እንደ ማሽላ ማሳ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ዘለቀ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ። ማዳመጫው ባይኖር ፈህሚያ አትሰማቸውም ነበር። «በሄድሽበት አገር ውኃው ይስማማሽ።»

«አሜን» አለ ዳሱ።

ያኔ የካሜራው ትንሿ መስኮት ላይ የመሪጌታ ፊት ሲንሸራተት አየች። ጢማቸው ሄደ። ካባቸው ሄደ። የመቋሚያው ግማሽ ሄደ፣ ምንጣፉ መጣ። የሊቀ ካሜራ ግራ እጅ ከካሜራው ተላቆ መዳፉ ወደ ላይ ሊገለበጥ ነው። ፈህሚያ ልትነካቸው አሰበች፤ ሰው በምርቃት መካከል አይነካም።

እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተመለሰ።

ምንጣፉ ወረደ። መቋሚያው መጣ፣ ካባው መጣ፣ ጢማቸው መጣ፣ ፊታቸው መጣ። መጣና ቆመ።

«ደጃችሁ እንግዳ አይጣ።»

«አሜን።»

«ክረምት ሲገባ ጣራችሁ አያፍስስ፤ በጋ ሲገባ ምንጫችሁ አይንጠፍ።»

«አሜን።»

«የተመሰጋገናችሁበትን ቀን ሰው ይስማው፤ የተጣላችሁበትን ቀን ግድግዳው ይርሳው።»

ዳሱ ሳቅ አለና «አሜን» አለ። ይመኙሽ እያለቀሰች ሳቀች። ሊቀ ካሜራ ሁለት ክርናቸው እንደ ተወጠረ ገመድ ሆኖ፣ ከንፈራቸው «አሜን» ይላል፣ ድምፅ ግን የለውም፤ ካሜራው ቅርብ ነውና የመሪጌታን ቃል እንዳይሸፍኑ ውጠውታል። ከዓይናቸው የወረደው ጉንጫቸው ላይ ቀረ፣ የሚጠርገው እጅ አልነበረውም። ፈህሚያ ቁልቁል ስታይ የራሷ መዳፎች ተዘርግተዋል። መቼ እንደዘረጋቻቸው አታውቅም።

ምርቃቱ አልቆ ዳሱ ሲቀመጥ መሪጌታ መቋሚያቸውን ቀሰር አደረጉ።

«ካሜራ የያዝከው። ህሩይ አይደለህም?»

«ነኝ የኔታ።»

«ዳሱ ሁሉ ሲቀበል አየሁህ። ምነው እጅህን ሳትዘረጋ ቀረህ? ምርቃቴ ቀለለብህ?»

ሊቀ ካሜራ ካሜራውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ፈህሚያ ናት የመለሰች።

«የኔታ፣ እጃቸው ላይ እርስዎ ነበሩ።»

መሪጌታ ነገሩን ቀስ ብለው አኘኩት። ከዚያ፣ «አስቀምጣትና ወዲህ ና» አሉ። ፈህሚያ ካሜራውን ተቀብላ አጠፋችው፤ ማዳመጫውንም ከጆሮዋ አወረደች። ሽማግሌው እጃቸውን ከህሩይ ራስ ላይ አድርገው የሆነ ነገር ሹክ አሉ፣ ረዘም ያለ ነገር። ምን እንዳሉ የሰማ የለም። ሊቀ ካሜራ ጎንበስ ብለው፣ ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ «አሜን» ሲሉ ብቻ ነው የተሰማው፤ ዳር ድረስ ተሰማ።

«በል አሁን ቁጭ በል» አሉ መሪጌታ።

«የኔታ፣ ሙሽሮቹ ገና...»

«ሙሽሮቹ የትም አይሄዱም። ቁጭ በል አልኩህ።»

ወለተ ሚካኤል ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ውኃውን ቀስ እያለች እያፈሰሰችላቸው፣ «የኔ ምርቃት ላይ ጫማ አሳይተውኛል አያ ህሩይ» አለች። «የማን እንደሆነ ዛሬም በቤታችን ያከራክራል። ግድ የለም፣ ለእህቴ ስላደረጉላት ይቅር ብየዎታለሁ።»

ትሪው ቀረበ። ፈህሚያ ቆማ ስታያቸው አንድ ነገር ገባት። እሷ ክፍል ውስጥ ያለፈ ያ ሁሉ ሠርግ፣ ያ ሁሉ ጥምቀት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አንዱም ውስጥ እሳቸው የሉም። ካሜራውን አበራችና ወደ እሳቸው አዞረችው። አዩዋት። ቅንድባቸው ተነሣ፣ ጣታቸው ተነሣ፣ አፋቸው ለምክር ተከፈተ፤ የተከፈተው አፍ ላይ መሪጌታ ያን የሚያህል ጉርሻ አኖሩበት።

ሊቀ ካሜራ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ በአገጫቸው የፀሐይዋን አቅጣጫ አመለከቷት። ፈህሚያ ተዟዙራ በሌላ በኩል መጣች። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሞላ። ራሳቸውን ነቀነቁላት፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተደላደሉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ።